የአርቪያችሁ ጋዝ ስንት ቀረው? ፕሮፔንን ያለ ግምት የመለኪያ መንገድ

ጥቅምት ላይ ነበር። ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተጎታቹ አርቪያችን (መኪና የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤት) ማሞቂያ ቀጥ አለ። ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ግን ጋቢዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች።

ከመተኛቴ በፊት የጋዙን የግፊት ጌጅ አይቼው ነበር። መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው። "ሞልቷል" ብዬ ነው የተኛሁት። ባትሪ ይዤ ወጣሁና ሲሊንደሩን ሳነሳው በአንድ እጅ ብድግ አለ። ባዶ ነው።

ጠዋት እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ሲሊንደሩን ብድግ አድርገህ አላየኸውም?" እሷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ስንት ዓመት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጌጅ የላትም። ብድግ ታደርገዋለች፣ ወዝወዝ ታደርገዋለች፣ "ሳምንት ያደርሰናል" ትላለች። ያደርሳታልም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በደንብ ተማርኩት። እዚህ አሜሪካ ሞተርሆም (እንደ መኪና ራሱ የሚነዳ አርቪ) ተከራይተው ወይም ተጎታች ገዝተው ከልጆቻቸው ጋር የሚወጡ ወዳጆቼ ስለ ጋዝ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ፦ ጌጁ ለምን አሳሳተኝ?

ይህን ሳትረዱ ወደ ሌላው ብትሄዱ ነገ እንደኔ ትሆናላችሁ።

ፕሮፔን ሲሊንደር ውስጥ ያለው እንደ ጎማ አየር ተጨምቆ አይደለም። ፈሳሽ ነው። ከፈሳሹ በላይ ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተኑ ይቀመጣል። ምድጃውም፣ ማሞቂያውም፣ ፍሪጁም የሚወስዱት ተኑን ነው። ተኑ ሲወጣ ከሥር ያለው ፈሳሽ ይፈላና ይተካዋል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚፈላ ነገር ስለሆነ፣ እኛ በምንኖርበት ሙቀት ሁልጊዜ ለመፍላት ዝግጁ ነው።

እንግዲህ ግፊቱን የሚወስነው የፈሳሹ ብዛት አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። በ70 ዲግሪ ፋራናይት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 110 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። በ100 ዲግሪ ወደ 175 ይወጣል። ውሃ በሚረጋበት በ32 ዲግሪ ደግሞ ወደ 55 ይወርዳል። ሲሊንደሩ ሙሉም ይሁን ሩብ፣ ቁጥሩ ያው ነው። መርፌው ወደ ባዶ የሚወርደው ፈሳሹ ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ ደግሞ የቀራችሁ ጊዜ ትንሽ ነው።

ስለዚህ በጠዋት ውርጭ ሙሉ ሲሊንደር "ግማሽ ነኝ" ሊላችሁ ይችላል። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው፣ አንድ አሥረኛ የቀረው ሲሊንደር ደግሞ "ሙሉ ነኝ" ይላል። በመደብር የሚሸጡት፣ በሲሊንደሩና በቱቦው መካከል የሚገቡት ባለ ሦስት ቀለም ጌጆች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ጌጁን ግን አትጣሉት። ጋዝ የሚያፈስ ቦታ ለመፈለግ ጥሩ ነው። ምድጃውን፣ ማሞቂያውን፣ ሁሉንም አጥፉ። የሲሊንደሩን ቫልቭ ክፈቱና መርፌው ሲቆም መልሳችሁ ዝጉት። 15 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ጋዝ እየወጣ ነው። እኔ አሁን የምጠቀምበት ለዚህ ብቻ ነው።

1. የእናንተ የትኛው ዓይነት ነው?

አርቪ ላይ ሁለት ዓይነት የጋዝ መያዣ አለ።

ተጎታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት፣ መጎተቻው ብረት ላይ የቆሙ አንድ ወይም ሁለት ተነቃይ ሲሊንደሮች ናቸው። የተለመዱት ባለ 20 እና ባለ 30 ፓውንድ ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ሲሞሉ የሚይዙትን የፕሮፔን ክብደት ነው። ባለ 20ው 4.7 ጋሎን፣ ባለ 30ው 7 ጋሎን ያህል ይይዛል።

ሞተርሆም ከሆነ ግን ታንኩ ከወለሉ በታች በቋሚነት የታሰረ፣ የተጋደመ ነው። አይነቀልም፤ መኪናው ራሱ ወደ መሙያው ይሄዳል። ይህኛው ተንሳፋፊ ያለበት እውነተኛ የመጠን ጌጅ አለው።

ሁለቱም እስከ አፋቸው አይሞሉም። 80 በመቶ ላይ ይቆማል። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ቀሪው ቦታ የግድ ያስፈልጋል። እናም የሞተርሆም ጌጅ 80 ላይ ቆሞ ብታዩት አልሞላም ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ ሙሉ ማለት ያ ነው።

2. መመዘን፦ የማይዋሸው መንገድ

ተነቃይ ሲሊንደር ላላችሁ ከዚህ የተሻለ የለም። ቀላል የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ወይም ሻንጣ የምንመዝንበት ባለ መንጠቆ ሚዛን ይበቃል። ወደ አገር ቤት ሻንጣ የሚልክ ሰው ቤት መቼም ይህ ሚዛን አይጠፋም።

በመጀመሪያ የሲሊንደሩን አንገት እዩ። እጀታው ባለበት ብረት ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። የምትፈልጉት "ቲ ደብሊው" ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አጠገብ ያለውን ቁጥር ነው። የባዶ ሲሊንደሩ ክብደት ማለት ነው። ባለ 20ው ላይ 17 ፓውንድ አካባቢ፣ ባለ 30ው ላይ 25 አካባቢ ታገኛላችሁ። ግን "አካባቢ" አትበሉ፤ የራሳችሁን ቁጥር ጻፉ። ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል።

አጠገቡ "ደብሊው ሲ" የሚሉ ፊደላትም አሉ። ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ቢሆን የሚይዘው ክብደት ነው። ባለ 20ው ላይ 47.6 ፓውንድ ገደማ ይላል። ይህን በ0.42 ስታባዙት ሊሞላ የሚገባው ከፍተኛው የፕሮፔን ክብደት ይመጣል፤ 20 ፓውንድ። ቁጥሩ የተፋቀበት ወይም ያልተለመደ መጠን ያለው ሲሊንደር ከገጠማችሁ ይህ ስሌት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ሥራው። በጋዝ የሚሠራውን ሁሉ አጥፉ። ፍሪጁንም አትርሱ። በአቅራቢያ እሳትና ሲጋራ አይኑር። ቫልቩን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ቱቦውን የሚያያይዘውን ትልቁን የፕላስቲክ ማሰሪያ በእጃችሁ ወደ ግራ አዙራችሁ ፍቱት፤ መፍቻ አይፈልግም። ሲሊንደሮቹን የያዘውን ማሰሪያ አላልታችሁ አውጡት። ጭቃ ወይም በረዶ ካለበት ጥረጉት፤ እሱም ይመዝናል።

ሚዛን ላይ አቁሙት። ለምሳሌ 27.4 ፓውንድ አለ እንበል። የባዶው ክብደት 16.9 ነው። ልዩነቱ 10.5 ፓውንድ ነው። በቃ፣ ከግማሽ ትንሽ በላይ አላችሁ። ወደ ጋሎን መቀየር ከፈለጋችሁ ለ4.24 አካፍሉት፤ 2.5 ጋሎን ገደማ ይሆናል።

አንዳንድ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ቀላል ነገር ላይ ይሳሳታል ወይም ጨርሶ አያነብም። ያኔ ራሳችሁ ሲሊንደሩን ታቅፋችሁ ቁሙበት፣ ከዚያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ሁለቱን ቀንሱ። ልጅ እንደምንመዝነው ማለት ነው።

ሲሊንደሩን ስትመልሱ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ለምን ቀስ እንደምል በኋላ እነግራችኋለሁ። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ከተነሳ ዝጉና እንደገና አጥብቁ። ክብሪት ለኩሶ መሞከር ግን በፍጹም አይታሰብም።

እኔ ሲሊንደሬ አንገት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ የባዶውንና የሙሉውን ክብደት በደማቅ ማርከር ጽፌያለሁ። ባለቤቴም ትልቁ ልጄም ሚዛን ላይ አስቀምጠው ወዲያው ያነቡታል።

3. ሳይፈታ በየቀኑ ማየት

ጉዞ ላይ በየቀኑ ሲሊንደር መፍታት አይቻልም። ለዚያ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ሙቅ ውሃ ነው። አንድ ኩባያ በጣም ሙቅ ውሃ፣ ግን እየፈላ ያልሆነ፣ በሲሊንደሩ አንድ ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች አፍስሱ። ቫልቩና ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ) ላይ አይድረስ። ትንሽ ቆይታችሁ መዳፋችሁን ከላይ ወደ ታች አንሸራቱ። ፈሳሹ ያለበት ቦታ ሙቀቱን ስለሚመጠው ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ከፈሳሹ በላይ ያለው ደግሞ ይሞቃል። ሙቁ ወደ ቀዝቃዛ የሚለወጥበት መስመር የጋዛችሁ ከፍታ ነው። ነፃ ነው፤ ከሰለጠናችሁበት አይስትም። መደብር ውስጥ የሚሸጠው ተለጣፊ ቀለም ቀያሪ ስትሪፕም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ተፈጥሮ ራሷ ይህን የምታሳይበት ጊዜም አለ። ማሞቂያው ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ፈሳሹ በፍጥነት እየፈላ ስለሚቀዘቅዝ፣ እርጥበት ባለበት አየር ሲሊንደሩ ላይ ጤዛ ወይም ውርጭ ይይዛል። የውርጩ የላይኛው ጠርዝ የፈሳሹ ጠርዝ ነው። በጠዋት ስትወጡ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት።

ሁለተኛው በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ሴንሰር ነው። ሞፔካ የሚባለው በአርቪ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ክብ ትንሽ ዕቃ ናት። ከሲሊንደሩ ሥር፣ ልክ መሐል ላይ በማግኔት ትጣበቃለች። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ላይ ትልካለች፤ ድምፁ ከፈሳሹ ገጽ ተመልሶ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ ትለካለች። ውጤቱን በብሉቱዝ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ። አልጋ ውስጥ ሆኖ የጋዝ መጠን ማየት ለእንደኔ ዓይነት ሌሊት የተቀጣ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው።

ግን አገጣጠሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሲሊንደሩን ሥር ከዝገትና ከጭቃ አጽዱ። መሐሉን በትክክል ፈልጉ፤ ወደ ጎን ካለ ድምፁ ተበትኖ ይጠፋል። አፑ ውስጥ የሲሊንደራችሁን መጠን በትክክል ምረጡ፤ ባለ 20ውን ባለ 30 ብላችሁ ካስገባችሁ ቁጥሩ በሙሉ የተሳሳተ ይሆናል። ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ትሪ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ከዘጋ ሴንሰሩ ይጨፈለቃል፤ ከፍ የሚያደርግ ነገር ጨምሩ። የአሉሚኒየም ሲሊንደር ማግኔት አይይዝም፤ ለእሱ የተለየ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ከገጠማችሁት በኋላ አንድ ጊዜ መዝናችሁ አፑ ከሚለው ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ ሚዛኑን እመኑ።

ሦስተኛው መንገድ ሲሊንደሩን ራሱን መቀየር ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ፈሳሹ የሚታይበት የፋይበርግላስ ሲሊንደር አለ። ከብረቱ ይቀላል፤ ዋጋው ግን ከብረቱ ይበልጣል።

ሞተርሆም ላላችሁ

የእናንተ ታንክ አይመዘንም፤ ስለዚህ ተንሳፋፊው ላይ ነው የምትተማመኑት። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፈሳሹ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በማግኔት አማካይነት ውጭ ያለውን መርፌ ያዞራል። ከመርፌው ደግሞ ሽቦ ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፓነል ይሄዳል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ንባቡ ይሳሳታል፤ መጀመሪያ አስተካክላችሁ አቁሙ። ሁለተኛ፣ ፓነሉ የሚያሳየው ጥቂት መብራት ብቻ ነው፤ አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሙሉ። በመካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ ውጡና የጎን በሩን ከፍታችሁ ታንኩ ላይ ያለውን መርፌ እዩ። ፓነሉና መርፌው ካልተስማሙ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሽቦው ወይም መርፌው ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ሴንሰር ናት። ተከራይ ከሆናችሁ ቁልፍ ስትረከቡ ይህን መርፌ አብራችሁ እዩና ፎቶ አንሱ። ስትመልሱ ክርክር አይኖርም።

4. ሁለት ሲሊንደር ካላችሁ

ብዙ ተጎታች ላይ ሁለቱን ሲሊንደሮች የሚያገናኝ አውቶማቲክ ሬጉሌተር አለ። መሐሉ ላይ ትንሽ እጀታ አለው። እጀታው የሚያመለክተው ሲሊንደር መጀመሪያ ይሠራል። እሱ ሲያልቅ ሬጉሌተሩ ራሱ ወደ ሌላኛው ይዞራል፤ አረንጓዴ የነበረችው ምልክት ቀይ ትሆናለች።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ቫልቭ ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው ሲያልቅ ምንም አይሰማችሁም። እሳቱ አይጠፋም፣ ማሞቂያው አይቆምም። ምልክቷን ካላያችሁ ሁለተኛውንም ሳታውቁ ትጨርሳላችሁ። ያኔ መጠባበቂያ የለም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሁለተኛውን ሲሊንደር ቫልቩን ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ጋዙ ይቋረጣል፤ ወጥቼ ሁለተኛውን እከፍታለሁ፣ እጀታውን አዞራለሁ፣ ባዶውን በማግስቱ አስሞላለሁ። አንድ ደቂቃ ብርድ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ሲሊንደር እንዳለኝ አውቃለሁ። ትንንሽ ልጆች ወይም አረጋዊ ይዛችሁ፣ በጣም በሚቀዘቅዝበት ቦታ ከሆናችሁ ግን ሁለቱንም ክፈቱና ምልክቷን ማታና ጠዋት እዩ። ለእንዲህ ያለው ሌሊት እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።

5. የቀረው ስንት ቀን ያደርሳል?

መጠኑን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ፍጆታችሁን ማወቅ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም።

አንድ ፓውንድ ፕሮፔን 21,600 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ያህል ሙቀት ይሰጣል። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በሰዓት ስንት ቢቲዩ እንደሚፈጅ የተጻፈ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ያን ቁጥር ለ21,600 ስታካፍሉት በሰዓት የሚበላውን ፓውንድ ታገኛላችሁ።

ትልቁ በላተኛ ማሞቂያው ነው። ባለ 30,000 ቢቲዩ ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢሠራ በሰዓት 1.4 ፓውንድ ይጨርሳል። ባለ 20ው ሲሊንደር 14 ሰዓት ብቻ ያኖረዋል ማለት ነው። ደግነቱ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። በ10 ሰዓት ሌሊት ውስጥ ሲሶውን ጊዜ ቢሠራ 4.6 ፓውንድ ይሄዳል። ውርጭ ከሆነና ግማሹን ጊዜ ከሠራ 7 ፓውንድ ይደርሳል። የሸናንዶዋው ሌሊት የበላኝ ይህ ነው።

ፍሪጁ በጋዝ ሲሠራ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ፓውንድ ይፈልጋል። የውሃ ማሞቂያው ባለ 12,000 ቢቲዩ ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ስታበሩት ሩብ ፓውንድ ገደማ ነው።

ምድጃው በአብዛኛው ቀላል ነው። እኛ ግን የምንሠራው ምግብ ከሌላው ሰው ይለያል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እያቁላላችሁ 4 ሰዓት በመካከለኛ እሳት ከቆያችሁ፣ እሳቱ በሰዓት 5,000 ቢቲዩ ቢሆን፣ አንድ ፓውንድ ገደማ ጨረሳችሁ። በዓል ካምፕ ላይ ለማክበር ካሰባችሁ ይህን አስቡት። እኛ ቁሌቱን ቤት ሠርተን፣ አቀዝቅዘን ይዘን እንሄዳለን። ጀበና ግን ብዙ አይፈጅም፤ ቡናውን እስከ በረካ አፍሉት።

ሲደመር፦ ማሞቂያ የማያስፈልግበት የበጋ ቀን 3 ፓውንድ አካባቢ ነው። ባለ 20ው ሲሊንደር 6 ቀን ያህል ያቆያችኋል። ብርድ ባለበት ሌሊት ደግሞ ቀኑ ወደ 8 ፓውንድ ይወጣል፤ ያው ሲሊንደር ሁለት ቀን ተኩል ነው። የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ ስትሄዱ መዝኑ፣ ስትመለሱ መዝኑ፣ ለሌሊቱ ብዛት አካፍሉት። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ከማንኛውም ሴንሰር በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ብርድ አንድ ሌላ ጉዳትም አለው። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ትንሽ ሲሆንና አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ማሞቂያው የሚፈልገውን ያህል በፍጥነት አይተንም። ጋዝ እያለ ማሞቂያው ይዳከማል። ስለዚህ ክረምት ላይ ሩብ የቀረውን ሲሊንደር እንደ ሩብ አትቁጠሩት። እኔ ሲሶ ሲቀር አስሞላለሁ። በበጋ ግን እስከ መጨረሻው እጠቀማለሁ።

6. ስታስሞሉ

ሁለት ምርጫ አለ። ባዶውን ሰጥቶ የታሸገ መቀየር፣ ወይም የራስን ሲሊንደር ማስሞላት።

መቀየሩ ፈጣን ነው። ግን በብዙ መደብር የሚቀየረው ባለ 20 ሲሊንደር ውስጥ ያለው 15 ፓውንድ ፕሮፔን ነው፤ በሲሊንደሩ ላይ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። 20 ነው ብላችሁ ሒሳብ ከሠራችሁ ሩቡ ይጎድላችኋል። ቤት ስትደርሱ መዝኑት። ማስሞላት በፓውንድ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ ውስጥ የቀረውን ጋዝም አታጡም።

የሚሞላው ሠራተኛው ብቻ ነው። ከቫልቩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ሲፈታና ነጭ ጭጋግ ሲወጣ ታያላችሁ፤ 80 በመቶ መድረሱን የሚያውቀው በእሷ ነው። እናንተ ካምፕ ላይ መጠን ለማየት ብላችሁ አትንኳት፤ የሚወጣው የሚቀጣጠል ጋዝ ነው።

የሲሊንደሩ አንገት ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ተቀርጿል። ከተሠራ 12 ዓመት ካለፈው እንደገና ተመርምሮ ካልታተመ በስተቀር አይሞሉላችሁም። ቫልቩ ባለ ሦስት ማዕዘን እጀታ ከሌለውም እንዲሁ ነው። ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚከለክለው መሣሪያ የሌለው አሮጌ ሲሊንደር ነው ማለት ሲሆን፣ ከ2002 ወዲህ አይሞላም።

7. "ጋዙ አለቀ" ከማለታችሁ በፊት

እሳት ሲጠፋ ሁሉ ጋዝ አልቆ አይደለም። በቅድሚያ ምድጃውን ለኩሱ። ሰማያዊና የረጋ እሳት ከሰጠ ጋዝ አለ። ማሞቂያው ብቻ እምቢ ካለ ባትሪውን እዩ። የማሞቂያው ማራገቢያ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ባትሪው ሲደክም ጋዝ ሞልቶም አይበራም። ቢግ ሜዶውስ የመኪና ማቆሚያው ላይ ኤሌክትሪክ የለም፤ እንዲህ ባለ ካምፕ ባትሪ ከጋዝ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

ምድጃውም ደካማ ከሆነ ቫልቩን በፍጥነት ከፍታችሁት ሊሆን ይችላል። ቀስ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ማያያዣው ውስጥ ድንገተኛ ፍሰት ሲያይ የሚያንቅ መከላከያ አለ። ቱቦ ተቆረጠ ብሎ ያስብና ጋዙን ያጠበዋል። ሁሉንም ዕቃ አጥፉ፣ ቫልቩን ዝጉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ይስተካከላል።

ሽታስ? ፕሮፔን ራሱ ሽታ የለውም፤ እንድናውቀው ሽታ ይጨመርበታል። ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል ያ ሽታ ጠንከር ይላል። ግን "ሊያልቅ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሽታ ከመጣ ሁሉንም አውጡ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ቫልቩን ከውጭ ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያው ከወለሉ አጠገብ የተገጠመው ለዚህ ነው። ከኋላው ቀን ተጽፎበታል፤ ቀኑ ካለፈ ቀይሩት። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ የምትተኙት ከልጆቻችሁ ጋር ነው።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት

መኪናው ሲሄድ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። ነዳጅ ስትቀዱም ዝግ ይሁን። ለመሙላት በመኪና ስትወስዱት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ይታሰር፣ መስኮት ይከፈት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ወደ ፊላደልፊያ ወይም ወደ ኒውዮርክ ስትወጡ፣ ባልቲሞር ያሉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ ፎርት ማክሄንሪና ሃርበር፣ ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን ያለበት ሲሊንደር የያዘ መኪና አያሳልፉም። ድሮ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞርባቸው ነበር። ድልድዩ ማርች 26፣ 2024 ከፈረሰ ወዲህ ባልቲሞርን የሚዞረውን አውራ ጎዳና 695ን ይዞ በምዕራብ በኩል መዞር ነው። መንገዱ ስለሚረዝም ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ወደ ዋሻው ሊመልሳችሁ ይሞክራል፤ ከቤት ሳትወጡ መንገዱን በእጃችሁ አስገቡት።

እኛ ዘንድሮም በጥቅምት ወደ ሸናንዶዋ እንመለሳለን። ሚዛኑ አሁን መኪናው ውስጥ፣ ከእማዬ ጋቢ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።